በስሕተት በተመዘገበ ገቢ ላይ የተጠየቀ ግብር፤ ነጋዴው ቅሬታውን እንዴት ያቀርባል?

የገቢ ግብር ስሙ እንደሚያመለክተው ከተገኘ ገቢ ላይ የሚከፈል ዕዳ ነው። በዚህ ነጋዴውም የግብር መሥሪያ ቤቱም አይለያዩም፤ ክርክሩ የሚነሣው «ገቢው ስንት ነበር?» በተባለ ጊዜ ነው። የውሳኔው ማስታወቂያ ወደ ንግድ ቤቱ መጥቶ በላዩ የሰፈረው የገቢ ቁጥር ነጋዴው በመዝገቡ ከሚያውቀው ጋራ ሳይገጥም ሲቀር፥ የብዙ ሰው የመጀመሪያ ሥራ መደንገጥ፥ ሁለተኛው ወዳጅ ዘመድ ማማከር ይሆናል። ሕጉ የሰጠው ቀን ግን በዚሁ መካከል እየተቈጠረ ያልፋል።

ከሁሉ አስቀድሞ ሁለት ነገሮችን መለየት ይገባል። «ግብሩ በዛብኝ» ማለት አንድ ነገር ነው፤ «ያላገኘሁት ገቢ ተመዘገበብኝ» ማለት ሌላ ነው። የግብሩ መጣኔ መብዛትና ማነስ የሕግ አውጪው ጉዳይ በመሆኑ ቅሬታ የሚመረምረው ሹም ምንም ሊያደርግበት አይችልም። የተሳሳተ ቁጥር ግን በማስረጃ የሚታረም ነገር ነው። ስለ ኑሮ ውድነት፥ ስለ ገበያ መቀዝቀዝና ስለ ልጆች ብዛት ሦስት ገጽ ተጽፎበት ስለ ቁጥሩ አንድ መስመር ያልተጻፈበት ማመልከቻ የሚያሳዝን ቢሆንም የሚያስወስን አይደለም።

በአገራችን የንግድ ትርፍ ግብር በሕግ መደንገጉ አዲስ ነገር አይደለም። በ1936 ዓ.ም. ቁጥር 60 ሆኖ የወጣው ዐዋጅ ከቀደምቶቹ አንዱ ሲሆን፥ የ1953 ዓ.ም. የገቢ ግብር ዐዋጅ ቁጥር 173 ገቢን በየዓይነቱ በሠንጠረዥ ከፍሎ ለአርባ ዓመት ያህል ሠርቶበታል። እርሱን በ1994 ዓ.ም. ዐዋጅ ቁጥር 286፥ ይህንንም በ2008 ዓ.ም. ዐዋጅ ቁጥር 979 ተኩት። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ በዐዋጅ ቁጥር 1395 የግብር ከፋዮች ደረጃና መጣኔው ተሻሽሏል። ለዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ዋናው ግን ከዐዋጅ ቁጥር 979 ጋራ በ2008 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል ታክስ አስተዳደር ዐዋጅ ቁጥር 983 ነው፤ የክርክሩን መንገድ፥ ቀኑንና ደረጃውን የደነገገው እርሱ ነውና።

የገቢ ቁጥር አለመግጠም ምን ያህል ነገር እንደሚያስነሣ በ2009 ዓ.ም. ክረምት በገሃድ ታይቷል። በዚያን ጊዜ የኢትዮጵያ ገቢዎችና ጉምሩክ ባለሥልጣንና የየአካባቢው የገቢ መሥሪያ ቤቶች የሒሳብ መዝገብ የመያዝ ግዴታ የሌለባቸውን የደረጃ «ሐ» ነጋድያን የቀን ገቢ በግምት አወጡ። የግምቱ ወረቀት በታደለ ጊዜ በአዲስ አበባም ሆነ እንደ አምቦ ባሉ የኦሮሚያ ከተሞች ብርቱ ቅሬታ ተነሣ፤ ሱቃቸውን የዘጉም ነበሩ። መሥሪያ ቤቱ በበኩሉ የተገመተው የቀን ሽያጭ እንጂ የቀን ትርፍ እንዳልሆነ፥ ብዙ ሰውም ይህን አደባልቆ እንደ ተረዳው ገለጸ።

ይህ መልስ ከፊሉን ድንጋጤ ያስረዳል። በሐምሌ 2009 ዓ.ም. የተሠራበትን መጣኔ ይዞ ሒሳቡን መመልከት ይበቃል። በቀን ብር 1,500 ይሸጣል የተባለ ሱቅ በዓመት 300 ቀን ቢሠራ ሽያጩ ብር 450,000 ይሆናል። አንድ ባለ ሱቅ ይህ ሁሉ እንደ ትርፍ ተቈጥሮ ግብር የሚጠየቅበት መስሎት እንደ ሆነ፥ ግብሩ ብር 139,500 ደርሶ ይታየዋል። ትርፉ ከመቶ 10 ብቻ ነው ቢባል ግን ብር 45,000 ላይ የሚታሰበው ግብር ብር 5,370 ነው። ለደረጃ «ሐ» የቁርጥ ግብር ሠንጠረዥ ለብቻው ስለ ነበረ ይህ ስሌት ልዩነቱን ለማሳየት ያህል የቀረበ ነው፤ ሆኖም ሽያጭና ትርፍ ሲደባለቁ ምን እንደሚሆን በቂ ማስረጃ ነው።

ይሁን እንጂ የመሥሪያ ቤቱ መልስ ቅሬታውን ሁሉ አይመልስም ነበር። ሽያጩም ራሱ ተሳስቶ ሊገመት ይችላልና። የቀን ሽያጩ ብር 1,500 የሆነ ሱቅ ብር 2,000 ነው ተብሎ ቢገመት የዓመቱ ሽያጭ ብር 600,000 ይሆናል፤ በዚያን ጊዜ የደረጃ «ሐ» ወሰን ብር 500,000 ስለ ነበር፥ በቀን የብር 500 ስሕተት ባለ ሱቁን ወደ ደረጃ «ለ» አሻግሮ መዝገብ የመያዝ ግዴታ ያመጣበታል። በበዓል ዋዜማ የታየ ሱቅና በጾም ማክሰኞ የታየ ሱቅ አንድ አይደሉም። ደብተርና እርሳስ የሚሸጥ ነጋዴ በነሐሴ መጨረሻና በመስከረም የሚያገኘውን በጥርና በየካቲት አያገኝም። ገማቹ ይህን ካልጠየቀ፥ ነጋዴውም ካልነገረው፥ ቁጥሩ የአንድ ቀን ሥዕል ሆኖ ለዓመቱ ሁሉ ይቈጠራል።

መዝገብ የሌለው ባለ ሱቅ በምን ይከራከራል? ከሁሉ የሚበልጠው ማስረጃ የግዢ ደረሰኝ ነው። ከጅምላ ሻጩ በዓመት የብር 380,000 ዕቃ የገዛ ሰው፥ መደርደሪያው ከዓመት ዓመት ያው ከሆነና በንግዱ ዓይነት የታወቀው ትርፍ ከመቶ 10 እስከ 15 ከሆነ፥ የብር 600,000 ሽያጭ ሊኖረው እንደማይችል ማንም ሒሳብ ዐዋቂ ያምናል። የባንክና የቴሌብር የሒሳብ መግለጫ፥ የዱቤ ደብተር፥ የቤት ኪራይ ውል እነዚህን ይረዳሉ። ከጅምላ ሻጭ ያለ ደረሰኝ መግዛት የለመደ ባለ ሱቅ ግን በክርክር ጊዜ ባዶ እጁን ይቀርባል። ጥቂት ለመቈጠብ ብሎ ያልጠየቀው ደረሰኝ ያኔ ብዙ ያስከፍለዋል።

መዝገብ በሚይዙት ዘንድ ስሕተቱ ሌላ መልክ አለው፤ ገማች ሱቅ ገብቶ ስለማያይ የሚመጣው ከወረቀት ነው። የግብር መሥሪያ ቤቱ የነጋዴውን ማስታወቂያ ከጉምሩክ ሰነድ፥ ከሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያ ድምር፥ ከገዢዎች የቅድመ ግብር ዝርዝርና ከባንክ መረጃ ጋራ ያስተያያል። ይህ ማስተያየት ተገቢ ነው፤ ሽያጭ የሚደብቁ መኖራቸውን ሐቀኛው ነጋዴም ያውቃል፤ በእነርሱ የሚጐዳውም እርሱ ነው። ችግሩ ሁለት ወረቀቶች ሳይገጥሙ ሲቀሩ ሁልጊዜ የነጋዴው ወረቀት ሐሰተኛ ነው ተብሎ ሲያዝ ነው።

ሳይገጥሙ የሚቀሩበት ምክንያት ብዙ ነው። የመሣሪያው ድምር ከመቶ 15 የሆነውን የተጨማሪ እሴት ታክስ ጨምሮ ሲነበብ፥ ለመንግሥት የተሰበሰበው ገንዘብ የነጋዴው ገቢ ሆኖ ይቈጠራል። ገዢው በቅድመ ግብር ዝርዝሩ ላይ የግብር ከፋይ መለያ ቍጥሩን አንድ አኃዝ ሲያሳስት የሌላ ሰው ሽያጭ ወደ እርሱ መዝገብ ይገባል። ዕቃ ለሌላ እየሸጠ ኮሚሽን የሚቀበል ወኪል፥ በባንክ ሒሳቡ ያለፈው ገንዘብ ሁሉ ገቢው ተደርጎ ይያዝበታል። የአስመጪው ዕቃ ጉምሩክ ቀረጥ ለማስከፈል ከደረሰኙ ዋጋ በላይ ገምቶት እንደ ሆነ ሽያጩም በዚያ ዋጋ ላይ ተመሥርቶ ይገመታል። ከዘመድ ወይም ከባንክ የተበደረው ገንዘብ በሒሳቡ ሲገባ እንደ ሽያጭ የታየበትም አይጠፋም።

ላኪዎች ደግሞ በምንዛሪ የሚመጣውን ስሕተት ሊጠብቁ ይገባል። የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን የተደረገው ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ሲሆን፥ በዋዜማው አንድ የአሜሪካ ዶላር ብር 57 ገደማ ነበር፤ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ከብር 100 በላይ ሆነ። የ2016 የግብር ዓመት ደግሞ ያበቃው ሰኔ 30 ቀን ነው። በሰኔ የ20,000 ዶላር ቡና ልኮ ሽያጩን በዚያው ወር በመዝገቡ የያዘ፥ ገንዘቡ ግን በነሐሴ የገባለት ላኪ፥ የሰኔው ገቢ በሰኔ ምንዛሪ ብር 1,140,000 ነው። ይህ በነሐሴው የባንክ መግለጫ ተመርቶ በ2016 ዓ.ም. ገቢነት በብር 2,000,000 ቢመዘገብበት፥ ልዩነቱ ብር 860,000፥ ለድርጅት በተወሰነው ከመቶ 30 ግብሩ ብር 258,000 ይሆናል። ልዩነቱ ጨርሶ ግብር አይነካውም ማለት አይደለም፤ የምንዛሪ ትርፍ ሆኖ የሚታየው ግን በተገኘበት ዓመት ነው። ስለዚህ የላኪው ክርክር በዓመቱ ላይ ነው፤ ይህንንም በግልጽ ካልጻፈ ገቢውን የካደ ይመስላል።

ነገሩ በተግባር እንዴት እንደሚፈታ ለማየት የአንድ አስመጪ ድርጅት ሒሳብ በምሳሌ ይቅረብ። ድርጅቱ ያስታወቀው የዓመት ሽያጭ ብር 6,400,000 ነው። የደረሰው ውሳኔ ግን ብር 8,050,000 ይላል። ልዩነቱ ብር 1,650,000፥ ተጨማሪ ግብሩ መቀጫና ወለድ ሳይታሰብ ብር 495,000 ነው። ባለቤቱ ይህን አይቶ «እኛ እንዲህ አልሸጥንም» ብሎ ቢጽፍ እውነቱን ጽፏል፤ ነገር ግን ምንም አላስረዳም። የመጀመሪያው ሥራ መሥሪያ ቤቱ ብር 8,050,000 ያለው ከየት አምጥቶ እንደ ሆነ ማወቅ ነው። ሕጉ ውሳኔ ሰጪው ምክንያቱን እንዲገልጽ ስለሚያዝ፥ የኦዲቱን ዝርዝር መጠየቅ መብት ነው።

ዝርዝሩ ሲገለጥ ነገሩ ሦስት ሆኖ ተገኘ እንበል። አንደኛ፥ ድምሩ የተያዘው ብር 960,000 የተጨማሪ እሴት ታክስን ጨምሮ ነው። ሁለተኛ፥ ብር 290,000 ዕቃው ተመልሶ ገንዘቡ ለገዢዎች የተመለሰበት ሽያጭ ነው፤ መሣሪያው ግን ሽያጩን እንጂ መመለሱን አልቈጠረም። ሦስተኛ፥ ብር 400,000 አንድ ገዢ በቅድመ ግብር ዝርዝሩ ያስመዘገበው ሲሆን ድርጅቱ ያን ገዢ አያውቀውም። ሦስቱ ተደምረው ልክ ብር 1,650,000 ናቸው። ያልታወቀው ልዩነት ስምና ምክንያት አገኘ ማለት ነው።

ቀጥሎ ለእያንዳንዱ ማስረጃ ይፈለጋል። ለመጀመሪያው በየወሩ የቀረበው የተጨማሪ እሴት ታክስ ማስታወቂያ ይበቃል፤ ያው መሥሪያ ቤት ገንዘቡን የተቀበለበት ነውና። ለሁለተኛው የተመላሽ ዕቃ ሰነዱና ገንዘቡ የተመለሰበት የባንክ ወረቀት ያስፈልጋል፤ የብር 69,000ው ሰነድ ግን ቢፈለግ አልተገኘም። ለሦስተኛው ከገዢው «ቍጥሩ በስሕተት ተጽፏል» የሚል ደብዳቤ ማግኘት መልካም ነው። ገዢው ባይተባበር እንኳ የዕቃ ቁጥር ይናገራል፤ በጉምሩክ ሰነድ 1,000 ገብቶ፥ በዓመቱ መጨረሻ ቆጠራ 120 ተገኝቶ፥ 880 በደረሰኝ ተሽጦ ከሆነ፥ ለዚያ ለማይታወቅ ገዢ የተሸጠው ዕቃ ከየት መጣ? ይህ ጥያቄ ከብዙ ልመና ይበልጣል።

ሰነድ ያልተገኘለትን ብር 69,000 በተመለከተ ብልህ ነጋዴ አይከራከርም። ከውስጡ ታክሱ ብር 9,000 ሲቀነስ ሽያጩ ብር 60,000፥ የገቢ ግብሩ ብር 18,000 ነው። ይህን አምኖ መክፈልና የቀረውን የብር 477,000 ግብር ብቻ መቃወም ለቀረው ክርክር ክብደት ይሰጠዋል። ሁሉንም የሚክድ አመልካች ሁሉም ይጠረጠርበታል።

ስለ ቀኑ ዐዋጅ ቁጥር 983 የደነገገው አጭርና ጥብቅ ነው። ውሳኔው ከደረሰ በ21 ቀን ውስጥ ቅሬታው በጽሑፍ ለመሥሪያ ቤቱ ይቀርባል። ከአገር ውጭ የነበረ፥ የታመመ ወይም ሌላ በቂ ምክንያት ያለው ሰው ጊዜው ሳያልፍ አመልክቶ ቢበዛ 10 ቀን ሊጨመርለት ይችላል። ስለዚህ ማስታወቂያው የደረሰበትን ቀን በጀርባው ጽፎ መያዝ፥ ቅሬታው ሲገባም በግልባጩ ላይ ማኅተምና ቀን ማስደረግ ያስፈልጋል። የውሳኔውን ደብዳቤ «አልቀበልም» ብሎ መመለስ ቀኑን ያቆመዋል ብለው የሚያስቡ አሉ፤ ሲጐዱ እንጂ ሲጠቀሙ አልታዩም። ጊዜው ካለፈ ውሳኔው የጸና ይሆናልና፥ ስሕተት እንደ ነበረበት ማንም ቢያምን ወደ ኋላ መመለሱ ከባድ ነው።

የቅሬታው ጽሑፍ ሦስት ነገር እንዲይዝ ሕጉ ይጠይቃል፤ የተቃወመበትን ምክንያት፥ ውሳኔው እንዴት እንዲታረም እንደሚፈልግ፥ ማረሚያው ተገቢ የሚሆንበትን ምክንያት። በምሳሌው ድርጅት አኳኋን ቢጻፍ እንዲህ ያለ ይሆናል፦ «በውሳኔው ከተመለከተው ብር 8,050,000 ውስጥ ብር 960,000 የተጨማሪ እሴት ታክስ በመሆኑ ከገቢ እንዲወጣ፤ ማስረጃው የ12 ወር ማስታወቂያ በአባሪ ተያይዟል።» የተቀሩትም እንዲሁ በየቁጥራቸው ይጻፋሉ። «በትሕትና እንጠይቃለን» የሚለው ቃል በማመልከቻው መጨረሻ ቢገባ አይከፋም፤ የማስረጃን ቦታ ግን አይተካም። የማስረዳት ሸክም በግብር ከፋዩ ላይ መሆኑን ዐዋጁ በግልጽ ደንግጓልና፥ መሥሪያ ቤቱ ትክክለኛነቱን ያስረዳ ብሎ እጅን አጣጥፎ መቀመጥ አያዋጣም።

ቅሬታው በመሥሪያ ቤቱ ውስጥ በቅሬታ አጣሪዎች ይመረመራል። በ180 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልተሰጠ ነጋዴው የ180 ቀኑ ካበቃ በኋላ ባለው 30 ቀን ውስጥ ወደ ታክስ ይግባኝ ኮሚሽን ሊሄድ ይችላል፤ ውሳኔ ተሰጥቶ ቅር ከተሰኘም ከደረሰው ጀምሮ እንዲሁ 30 ቀን አለው። እዚህ ላይ ነገሩ ይከብዳል። ይግባኙ ተቀባይነት እንዲኖረው ክርክር ካለበት ግብር ግማሹ በቅድሚያ እንዲከፈል ዐዋጁ ደንግጓል፤ ለምሳሌው ድርጅት ይህ ብር 238,500 ነው። ከኮሚሽኑ ወደ ከፍተኛው ፍርድ ቤት በሕግ ነጥብ ይግባኝ ሲባል ደግሞ ከመቶ 75፥ ማለት ብር 357,750 መከፈል አለበት። መንግሥት ግብሩን ለማዘግየት ብቻ የሚቀርበውን ይግባኝ ለመከልከል ያደረገው እንደ ሆነ ይታሰባል። ሆኖም የሥራ ማስኬጃው በዕቃ ላይ የታሰረ ነጋዴ፥ እውነት ይዞ ሳለ ገንዘብ አጥቶ መንገድ ላይ ሊቀር ይችላል። የመጀመሪያው ቅሬታ እንዲህ ያለ የግማሽ ክፍያ አይጠየቅበትምና፥ ሙሉ ጥረቱ እዚያ ላይ መዋል አለበት። ማስረጃን ለኮሚሽኑ አቆያለሁ የሚል ጠበቃ ደንበኛውን አያስጠቅምም። በክልል ወይም በከተማ አስተዳደር ሥር የተመዘገበ ነጋዴ አቤቱታውን የሚያቀርበው ለዚያው አስተዳደር ስለ ሆነ፥ የአስተዳደሩን ሕግና የቅርብ ጊዜ ማሻሻያ ካለ አስቀድሞ መመልከት ይኖርበታል።

ቅሬታው ተቀባይነት ካገኘ በኋላ የሚዘነጋ ሥራ አለ። የተሳሳተው ገቢ የተመዘገበው በገቢ ግብሩ ፋይል ብቻ ላይሆን ይችላል። ብር 1,650,000ው ያልተገለጸ ሽያጭ ነው ተብሎ የተጨማሪ እሴት ታክስ ተጠይቆበት እንደ ሆነ፥ ያ ሌላ ውሳኔ በመሆኑ ራሱን የቻለ ቅሬታ በራሱ 21 ቀን ውስጥ ይፈልጋል። የሚቀጥለው ዓመት ግምትም በአሮጌው ቁጥር ላይ እንዳይመሠረት የታረመው ውሳኔ በፋይሉ መግባቱን ማረጋገጥ፥ የንግድ ፈቃድ ማሳደሻ ጊዜ ሳይደርስም ከግብር ዕዳ ነፃ የመሆኑን ማስረጃ መጠየቅ ተገቢ ነው። በብልጫ የተከፈለ ገንዘብ ካለ አስቀድሞ ለሌላ የግብር ዕዳ ይታሰብና የተረፈው ይመለሳል፤ ነጋዴውም ይህን በቃል ሳይሆን በጽሑፍ ጠይቆ፥ የማመልከቻውን ግልባጭ ከውሳኔው ጋራ አያይዞ ማስቀመጥ አለበት።